የእትዬ ጥሩወርቅ ተመላሽ መጻሕፍት

በእትዬ ጥሩወርቅ ልቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳቄን የያዝኩት በብዙ ትግል ነው። ሰው ሞቶ ምን ያስቃል ትሉ ይሆናል። ከግራዬ የተቀመጡት ሽማግሌ «መጽሐፋቸውስ ቢሆን! ስንቴ ደጋግሜ እንዳነበብኩት!» ይላሉ። ከቀኜ ያለው ሰውዬ «እኔማ ከራስጌዬ ለይቼው አላውቅም» ብሎ ይጨምራል። መጽሐፉ ራስጌው ስለመኖሩ አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ተከፍቶ ስለማወቁ ነው። ሟቿም ይህንኑ ይጠረጥሩ ነበር፤ ጠርጥረውም አልቀሩ፣ ዞረው አረጋግጠዋል።

እሳቸው ኖረው ይህን ወሬ ቢሰሙ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ሰው የማይሆን ነገር ሲያወራባቸው አያቋርጡም፣ አይቆጡም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ቀስ እያሉ ይወለውሉታል። ሰውየው አውርቶ እስኪበቃው ይወለውሉታል። ከዚያ መልሰው ያደርጉና «ጨረስክ?» ይላሉ። በእኛ ትምህርት ቤት ይህች አንዲት ቃል ያላስደነገጠችው ርእሰ መምህር አልነበረም።

እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ከጅማ ነው፤ ኮምፒውተር ላስተምር። እሳቸው አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ ጡረታቸው ተቃርቧል። መምህራን ክፍል ውስጥ ባዶ የነበረው ወንበር የእሳቸው ጎን ብቻ ነበር። ለምን ባዶ እንደሆነ የገባኝ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው፤ እሳቸው ጎን ተቀምጦ ሰው ማማት አይቻልም። ግን ብርዱ አንቀጥቅጦኝ ሲያዩ ጋቢ አመጡልኝ። እሑድ እሑድም ቤታቸው ይጠሩኝ ጀመር። በሥጋ እንዳንከራከር ድንች ይቀቅሉልኛል። ከነልጣጩ ነው የሚያቀርቡት፤ እየላጥን፣ በሚጥሚጣ እያጠቀስን ስንጨዋወት ይመሻል። «ድንች ሃይማኖት የለውም፤ ብላ ከድርዬ» ይሉኝ ነበር። እናቴ በሌለችበት አገር እናት ሆነውኛል፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

ጡረታ እንደወጡ መጽሐፍ ጻፉ። ርእሱ «ገብስና ውርጭ» ነው። በወጣትነታቸው ጮቄ ተራራ ሥር ሮብ ገበያ ተመድበው ያስተማሩበትን ዘመን የሚተርክ ነው። በአንድ ሌሊት ውርጭ ያነደደውን የገብስ ማሳ፣ በማግስቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሊዘሩ የሚወጡትን ገበሬዎች፣ ጣቷ ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ያቃታትን ልጅ ጽፈውታል። ከሰው ሁሉ ቀድሜ አነበብኩት። ወደድኩትም። እንደወደድኩት ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጄ ነህ። አንተ አትቆጠርም» አሉኝ።

«እና ማን ነው የሚቆጠረው?»

«የማያውቀኝ። ዕድሜ ልኬን ሰው የሰማኝ ደወል ይዞት ነው፣ ፈተና ይዞት ነው። ከየት እንደመጣ የማላውቀው፣ ስሜን ሰምቶ የማያውቅ አንድ ሰው ማንም ሳያዝዘው መጽሐፌን እስከ መጨረሻው ቢያነብልኝ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ያን ጊዜ ቀላል ነገር የጠየቁ መስሎኝ ነበር።

አሳታሚ ፍለጋው የተጀመረው በእኔ ስልክ ነው። ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን አዲስ አበባ እንደውላለን። መጀመሪያ ያገኘነው አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢያንስ ሺህ ኮፒ ካልሆነ ማሽን አናስነሳም አለ።

«ሺውን ምን አደርገዋለሁ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

«አይጨነቁ፣ እቤትዎ ድረስ እናመጣልዎታለን!»

የሚያስደስታቸው መስሎት ነው የተናገረው። እሳቸው ግን አንድ የታሪክ መምህር ጓደኛ ነበሯቸው። የዚያ ሰው መጽሐፍ ታትሞ እቤቱ ከመጣ ወዲህ ካርቶኑ አልጋ ሥር ሞልቶ፣ ከአልጋ ሥር ወደ ሳሎን ወጥቶ፣ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ሆኖ ቀርቷል። እትዬ ጥሩወርቅም ለበዓል ሄደው ተቀምጠውበታል። «የሰው ድካም ላይ ተቀምጬ ቁርጥ አላምጥም ብዬ ተነሳሁ» ይሉ ነበር። ሥራ አስኪያጁን በትሕትና ተሰናብተው ስልኩን ዘጉት።

ሁለተኛው ወጣት አሳታሚ ነው፤ ሲያወራ ትንፋሽ አይወስድም። እኛ በትእዛዝ ልክ ነው የምናትመው፣ አንድ ሰው ካዘዘ አንድ፣ አሥር ካዘዘ አሥር አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ደስ አላቸው። «ይኼስ አልጋ ሥር አይገባም» አሉኝ በሹክሹክታ። ቀጠሉና መጽሐፍ መደብር ውስጥ ይገኝ እንደሆን ጠየቁት።

«መደብር አያስፈልግዎትም። የፈለገ ሰው በስልኩ ያዛል፣ ይደርሰዋል።»

«ልጄ፣ ስሜን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያዛል?»

«እሱንማ እርስዎ ያስተዋውቁታላ! ለወዳጅ ለዘመድ ይንገሩ፣ ተማሪዎችዎ አሉ…»

ልጁ አያያቸው፣ አያውቃቸው፤ ግን እዚያው ስልኩ ፊት መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። እኔ ሳቄን ዋጥኩ።

ሦስተኛዎቹ እንደ ሁለተኛው በትእዛዝ ልክ ያትማሉ፤ ግን ለመጽሐፍ መደብሮች ያከፋፍላሉ። ለእያንዳንዱ መደብር ጥቂት ጥቂት ይልካሉ፤ ሲሸጥ ይጨምራሉ፤ ያልተሸጠውን ባለሱቁ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ይመልሳል። ለደራሲው የሚደርሰው ከሌሎቹ ያንሳል፣ ሽፋኑም ሳሳ ያለ ነው። እኔ በሽፋኑ አኩርፌ ነበር። እሳቸው ሽፋኑን ትተው ስለተመላሹ ጠየቁ፤ ገዢ ያጣ መጽሐፍ ማን ላይ ይወድቃል አሉ።

«እኛ ላይ» አለች ስልኩን ያነሳችው ሴት። «መኪናችን መጥቶ ይወስዳል፣ ወደ ሌላ ከተማ እንልከዋለን። ንጹሕ መሆን አለበት እንጂ። የተጣጠፈ፣ የቆሸሸ አንቀበልም።»

ውሉ ይላክልን ልላት ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «እንቀበላለንማ ማንም ይላል። መልሶላቸው የሚያውቅ ባለሱቅ ነው የምንጠይቀው» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

የሄድነው ወደ ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን የመጽሐፍ መደብር ባለቤት ነው፤ ዱሮ እሳቸው አስተምረውታል፤ እስከ ዛሬ ሲያያቸው ተነስቶ ይቆማል። ጥያቄያቸውን ሲሰማ ወደ ጓዳ አስገባንና ግድግዳ ታክኮ የተቆለለ መጽሐፍ አሳየን።

«ይኼ ሁሉ ካልተሸጠ መልሰን እንወስድልሃለን ተብሎ የገባ ነው፣ እትዬ። ደውዬ ደውዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀው ሰው መጽሐፍ ሲመጣ እጄ አይነሳም። መልሰው እንደሚወስዱልኝ ካላመንኩ ምን በወጣኝ?»

«እነዚህኞቹስ?» ብለው የሦስተኛውን አሳታሚ ስም ነገሩት።

«የነሱ መኪና ይመጣል። ሹፌሩ ነዝናዛ ነው፣ እያንዳንዱን ገልጦ ነው የሚያይ፤ ግን ይወስዳል።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። ውሉን ሲፈርሙ «አሁን መጽሐፌን የሚያስገባ ባለሱቅ በእኔ ምክንያት አይጎዳም። አይሸጥ እንደሆነም ቁርጡን አውቃለሁ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን እፎይታ አልረሳውም።

መጽሐፉ ታተመ። ለማርቆስ፣ ለሮብ ገበያና ለደጀን ተላከ። ከተማው በደስታ አበደ ብል ማጋነን አይሆንም። ሰው መንገድ ላይ አቁሞ «ግሩም መጽሐፍ!» ይላቸዋል። «የቱ ጋ ደረስክ?» ሲሉት ሰዓቱን ያይና ቀጠሮ አለኝ ይላል።

የመመለሻው ጊዜ እንዳለፈ ከአሳታሚው መልእክት ደረሰኝ፤ ሮጬ ወሰድኩላቸው። ከደጀን ጥቂት ተመልሷል፤ ከማርቆስና ከሮብ ገበያ ግን አንድም አልተመለሰም፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ይጨመርልዎት ወይ? ይላል። እኔ አጨበጨብኩ። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሚያውቁኝ አገር ሁሉ አልቆ በማያውቁኝ አገር ብቻ ተረፈ? ተነስ ከድር።»

ሙሉቀን ገና ከበር ሲያየን ላብ አጠመቀው። ተሸጦ እንደሆነ ጠየቁት፤ አዎ አላለም፣ አይ አላለም። ዘወር ብለው ባንኮኒው ሥር አጎንብሰው አዩ። ከደብተር እሽጎች ጀርባ «ገብስና ውርጭ» እንደመጣ ተደርድሯል።

«ምን ማለት ነው ይኼ?»

«እትዬ፣ እንዴት አድርጌ?» አለ ሙሉቀን፤ ድምፁ የተማሪ ሆነ። «የአስተማሪዬን መጽሐፍ ገዢ አጣ ብዬ በመኪና ጭኜ ልመልስ? ሰው ምን ይለኛል? እርስዎስ ቢሰሙ?»

«ይኸው ሰማሁ! ጓዳህ የሞላውን ያሳየኸኝ አንተ አይደለህም? እሱ ላይ የእኔን ልትጨምርበት ነው?»

«የእርስዎ ቢሞላብኝ ግድ የለኝም።»

ከልቡ ነው የተናገረው። እትዬ ጥሩወርቅ ተናደው የገቡ ሴት ነበሩ፤ ይህን ሲሰሙ ቁጣው ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ተባረክ። ግን ይሉኝታህ መጽሐፌን ቀብሮልኛል» አሉት። ያልተሸጡትን ተቀብለው እኔን አሸከሙኝ።

ሮብ ገበያ የባሰ ነበር። በሚኒባስ ተንገጫግጨን ስንደርስ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላቸው አቶ አንለይ ዘለው ተቀበሉን። መጽሐፉ አልቋል፣ አንድም የለም አሉ። እውነት ነው፣ ሱቁ ውስጥ አንድም የለም። ሁሉንም ራሳቸው ገዝተው ለክርስትና ልጆቻቸውና ለጎረቤት አድለውታል። የሰፈሩ ሰዎች ምሳ ካልበላችሁ ብለው ቤታቸው ሲያስገቡን «ገብስና ውርጭ» ከነላስቲኩ ከሠርግ ፎቶ ጎን ቆሞ ይጠብቀናል። አንዷ ሴትዮ አቧራ እንዳይነካው የዳንቴል ልብስ ሠርታለታለች።

«አንብበሽዋል?» አሏት እትዬ ጥሩወርቅ፤ የዱሮ ጓደኛቸው ናት።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ እከፍተዋለሁ! ይበላሽብኛል።»

እየሳቁ ወጡ። ግን በመልስ ጉዞ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ቆዩና «እንደሚወዱኝማ አውቃለሁ» አሉኝ። «ፍቅራቸውን ጠግቤዋለሁ፣ ከድርዬ። የጻፍኩት ይረባ አይረባ እንደሆነ ግን ማን ይንገረኝ?» አንጀቴን በሉት። ትከሻቸውን ደገፍኩ።

ደጀን የሄድነው መጽሐፉን የመለሰውን ባለሱቅ ለማመስገን ነው። አዎ፣ ለማመስገን። «እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው» አሉ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ነበር፤ በማለዳ አውቶቡስ ወረድን። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ቆመው ፍሬን ያስፈትሻሉ፣ ሾፌሮቹ ምሳ ይበላሉ። ባለሱቁ ሴት ሆና ተገኘች። ሰብለ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ ናት፤ ደጀን በትዳር መጥታ ከመኪኖቹ ማቆሚያ ፊት ለፊት ጋዜጣ፣ ደብተርና መጽሐፍ ትሸጣለች። እትዬ ጥሩወርቅ ማንነታቸውን እንዳልናገር በዓይናቸው አስጠነቀቁኝ።

መደርደሪያው ጫፍ ላይ አንድ «ገብስና ውርጭ» አየሁ። ማየት እንኳ ይከብዳል። ሳሳ ያለው ሽፋኑ ተሸብሽቧል፣ ጠርዙ የመኪና ግራሶ ጠጥቷል፣ ጀርባው ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ምልክት አለ። እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ሲዘረጉ ሰብለ ፈጥና ወሰደችው።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ እሱ አይሸጥም።»

«ለምን?»

«ሰው እያነበበው ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ባንኮኒውን ያዙ። ሰብለ ደግሞ ወሬ ትወዳለች፣ ሳትለመን ቀጠለች። «አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ባለፈ ቁጥር ይቆምና ፍሬኑ እስኪፈተሽ እዚህ በር ላይ ተቀምጦ ያነባል። ግዛው እንጂ ስለው፣ ‹መኪና ላይ ከወሰድኩት እየነዳሁ ላነብ ነው፣ ገደል ልግባልሽ?› ይለኛል። ሌሎቹን ስመልስ ይችንም ላከፋፋዩ ሰጥቼ ነበር። ቆሽሿል፣ ተጣጥፏል ብሎ ወረወረልኝ። ደግነቱ ወረወረልኝ! ሾፌሩ መጥቶ መልሼው እንደነበር ሲሰማ ሊደበድበኝ ምንም አልቀረው።»

ገጹ የታጠፈበትን ከፍታ አሳየችን። ወደ መጨረሻው ግድም ነው፤ ጥቂት ምዕራፍ ነው የቀረው።

«እማማ ግን መጽሐፉን ከፈለጉት» አለች ሰብለ አዝና፣ «እሱንም ቢሆን ልስጥዎት?»

ያን ሁሉ ጊዜ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ መጽሐፌን መልሱልኝ ሲሉ የከረሙት ሴት ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ። «የለም፣ የለም። ሰውየው አልጨረሰም» አሉ። ከዚያ ብዙም አልቆየንም። የስልክ ቁጥሬን ለሰብለ ሰጥቻት፣ ሾፌሩ ሲጨርስ የየት ሰው እንደሆነም ጠይቃ እንድትደውልልኝ በጆሮዋ ለምኛት ወጣን። እትዬ ጥሩወርቅ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ «ግራሶ!» አሉ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጭንቅ ነው። እሑድ በመጣሁ ቁጥር ስለ ሌላ ሌላ ነገር እንጨዋወታለን፤ በመካከል «ደጀን ደህና ናቸው?» ይላሉ፣ ዘመድ ያላቸው ይመስል። መንገድ ተዘጋ ሲባል ይከፋቸዋል፣ ተከፈተ ሲባል ፊታቸው ይበራል። ሰውየው ሌላ መስመር ተመድቦ ቢሆንስ? መኪናውን ትቶት ቢሆንስ? ሰልችቶት ቢሆንስ? የመጨረሻውን ነበር በጣም የሚፈሩት።

ሰብለ የደወለችው ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው። በሩጫ ቤታቸው ሄድኩ። ድንች እየላጡ ነበር።

«ጨረሰው» አልኳቸው።

ቢላዋው እጃቸው ላይ ቆመ። «ምን አለ?»

በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ማርቆስ ሲዛወሩ፣ ያን ሁሉ ዓመት በጭቃና በውርጭ ያመላለሰቻቸውን በቅሎ ገበያ አውጥተው የሸጡበት ታሪክ አለ። «ግሩም መጽሐፍ!» ብሎ ካቆማቸው ሰው ሁሉ መካከል ስለዚያች በቅሎ አንድ ቃል የተነፈሰ የለም።

«ተቆጥቷል፣ እትዬ» አልኩ። «መጽሐፉን ዘግቶ፣ ‹ያቺን በቅሎ እንዴት ትሸጣታለች? እኔ ይችን አሮጌ መኪና ልሸጥ ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ፣ ሕይወት ያላትን! ይቺ ሴትዮ ልክ አልሠራችም› አለ። እየተነጫነጨ ነው አሉ ወደ በረሃው የወረደው።»

«ይቺ ሴትዮ አለኝ?»

«አዎ።»

«ልክ አልሠራችም አለ?»

«እንደዚያ ነው ያለው። ይቅርታ፣ እትዬ…»

«አስተምሬው እንዳይሆን?»

«የአዳማ ሰው ነው።»

«ሮብ ገበያ ዘመድ የለውም?»

«ሰብለ ጠይቃዋለች። ሮብ ገበያ የት እንደሆነም አያውቅም።»

ቢላዋውን አስቀመጡ። እርጥብ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ያን ቀን ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ፊታቸው ላይ አላየሁትም።

«እውነቱን እኮ ነው» አሉ። «መሸጥ አልነበረብኝም።»